ሊቃውንተ ናኖ ዘደሴ

የደሴን ወጣት ሳላደንቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉና እዩ። ሰው ሁሉ ስለ ስልክና ኮምፒውተር ቺፕ ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ይፋለማል። (ኳሱም አልቀረም፣ እሱ ቅዳሜና እሁድ ነው።) ቡድኖቹ ቺፕ ሠሪዎች ናቸው፦ የታይዋኑ የቲኤስኤምሲ ደጋፊ በአንድ በኩል፣ የሳምሰንግ በሌላ በኩል። ኢንቴል አንድ ታማኝ አለው፤ እሱም በሩ አጠገብ ብርድ እየመታው ብቻውን ይቀመጣል።

ዳኝነቱ ግሩም ነው። ያነሰ ቁጥር ያሸንፋል፣ አለቀ!

የእነዚህ ልጆች እናቶች ሰኞ ገበያ ሲወርዱ፣ ቂጡ ወደ ውስጥ ተደብድቦ እንደሆነ ብለው የነጋዴውን ጣሳ ገልብጠው ያያሉ። ልጆቹ ግን ጨዋ ናቸው፣ ጣሳ አይገለብጡም። 3 ናኖ ከተባለ 3 ነው። ቁጥሩ የትውልድ ስም እንጂ የየትኛውም ክፍል ልክ እንዳልሆነ፣ በዚያ ቺፕ ላይ ከአንዱ ትራንዚስተር (ቺፑን የሚሠራው ደቂቅ ማብሪያ ማጥፊያ) በር፣ ማለትም ጌት፣ እስከ ቀጣዩ ጌት ያለው ርቀት እንኳ ከ40 ናኖሜትር እንደሚበልጥ መናገር ነውር ነው።

ኢንቴል በ2021 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለውን 10 ናኖ «ኢንቴል 7» ብሎ ክርስትና አነሳው። በር ላይ ያለው ልጅ ያን ቀን ቡና ጋብዞናል ወላሂ። ለነገሩ ኢንቴል ብዙም አልበደለ። የ10 ናኖ ቺፑ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 100 ሚሊዮን ገደማ ትራንዚስተር ይይዛል፣ የቲኤስኤምሲ 7ም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግን ትራንዚስተር ቆጥሮ ማን ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል?

ደግሞ በ2015 አፕል ያንኑ የአይፎን 6ኤስ ቺፕ ከሳምሰንግ በ14 ናኖ፣ ከቲኤስኤምሲ በ16 ናኖ አሠርቶ ነበር። አንዳንዱ ሙከራ ላይ ባለ 16ቱ ባትሪ ረዘም አለ፤ አፕል ራሱ ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው አለ። ይህን ሳነሳ የ3 ናኖው ዋና ጠበቃ «አብሽር፣ እሱ የድሮ ነው» ብሎ አሳለፈኝ። የእሱ ስልክ ጀርባው እንዳይከፈት በላስቲክ ታስሯል። ሦስቱም ኩባንያዎች ለአንድ የኔዘርላንድ የቺፕ ማምረቻ ማሽን ሠሪ፣ ለኤኤስኤምኤል፣ ደጅ እንደሚጠኑ ልነግረው አስቤ ተውኩት። ጀመዓው በቡድን ተከፍሎ እንዲህ ሲያምርበት ማን ያስታርቃል?

ቡና የምታፈላው እትዬ ከሰሉን እያራገበች ስትሰማ ቆይታ «ሦስት ካላችሁ፣ ሦስቱ የቱ ጋ ነው?» አለች።

«እትዬ፣ በዓይን አይታይም እኮ።»

«ታዲያ ማን ለካው?»

ዝም ተባለ። ጠበቃው ላስቲኩን ፈታ፣ ባትሪውን አውጥቶ በጋቢው ጠረገው፣ መልሶ ከተተው። ስልኩ አልበራም። በረካው ቀረበ።