ውኃ የማትጠጣዋ ቮልስ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለቻቸው። ሞተሯ አልሞተም፤ ቁልፍ ሲነካው ይነሳል። ሰውዬው ግን 53 የፈረስ ጉልበቷ ዳገት ላይ አሰለቻቸውና ከተጋጨ ሱባሩ የወጣ፣ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ገዙ።

አንድ ቅዳሜ ክሪክ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው ጠሩኝ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረው በአራት ቡሎን ነው፤ ያፈሉት ቡና ሳይቀዘቅዝ ወረደ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር የሚያጋጥም ወፍራም ብረት፣ የኮምፒውተሩ ሽቦ፣ ይባስ ብሎ ራዲያተር! ዕድሜዋን በአየር ስትቀዘቅዝ የኖረች መኪና፣ ከኋላ ሞተሯ እስከ ፊቷ ድረስ በሆዷ ሥር የውኃ ቱቦ ተዘረጋላት። ሦስት ወር ፈጀ።

አዲስ አበባ ስሄድ የአባቴን ቮልስ ለሚሠሩት ሜካኒክ ይህንን አወራኋቸው።

«ውኃ ለማትጠይቅ መኪና ውኃ ማጠጣት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?» አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ ሞተር የሚቀየረው ቶርኖ ቤቱም፣ ሶማሌ ተራም እጅ ከሰጡ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ጭንቁ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ከሻንሲው ቁጥር ጋር የሞተሩም ቁጥር ሰፍሯል፤ ሌላ ሞተር ካስገባህ ከየት መጣ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድ የታለ ትባላለህ። ጎረቤቴን ግን የጠየቃቸው የለም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀየረ ሞተር የሚጣራው በጭስ ምርመራ ጊዜ ነው፣ እስከ 1975 ሞዴል ያለ መኪና ደግሞ ምርመራው አይመለከተውም። የ1976 ቢሆን ኖሮ የሚገባው ሞተር ከመኪናዋ ሞዴል ያላረጀ መሆን ነበረበት፤ መርማሪም ይቆምበታል።

አሜሪካ ሁሉ የሚጣልበት አገር ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው የወረደውን ሞተር ዘይት ቀብተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ጋራዣቸው ጥግ አኖሩት። አንድ ቀን ቢሸጧት ከፋብሪካ የወጣችበት ሞተር አብሯት ካለ ዋጋዋ ይጨምራላ። ለካ እዚህም የሞተር ቁጥር ይጠየቃል፤ ጠያቂው ግን መንገድ ትራንስፖርት ሳይሆን ገዢው ነው።

ሜካኒኩ ይህንን ሲሰሙ ዝም አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «ሞተሩስ ይቅር፤ ካርቡሬተሩን ይሸጡት እንደሆን እስቲ ጠይቅልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እስካሁን አፍሬ አልጠየቅኳቸውም።