እርማት፦ ትራንስፎርመር የአሜሪካን ማይክሮዌቭ አያድነውም

«ከአሜሪካ የመጣ ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ከተገዛለት አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር ይሠራል» የተባለው ልክ አይደለም። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ሄርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይረውም። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። ለ60 ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭ በ50 ሲሠራ በውስጡ ያለው ከባዱ የሽቦ ጥቅል ከልክ በላይ ይግላል፤ ቆይቶም ይቃጠላል።

በዚያ ላይ ለማይክሮዌቩ «1000 ዋት» የተባለው ምግቡን የሚያሞቀው ኃይል ነው። ከሶኬት የሚስበው 1500 ገደማ ስለሆነ ባለ 1000 ዋት ትራንስፎርመር አይችለውም።

የዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» ካለ፣ እንደ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር በቀጥታ ይሰካል። «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ» ብቻ ካለ፣ እባካችሁ ዘመድ አታሸክሙ። ተራ ካውያ ግን ሥራው መጋል ብቻ ስለሆነ ሄርዙ አይጎዳውም፤ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ይበቃዋል።