አሮጌውን ሞተር ሳይክል እናድስ፤ አዲስ ግን አናስመስለው

በጎንደር ከዘመድ ግቢ ጥግ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጓሮ አሮጌ ሞተር ሳይክል አንሥተው፣ በዕረፍት ቀናቸው በገዛ እጃቸው እየፈቱ የሚያድሱ ሰዎች አሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ ሥራው የሚጠይቀውን ትዕግሥትም ሆነ የሚሰጠውን ደስታ አሳንሼ አላይም። ሆኖም አንድ አሮጌ ሞተር ታደሰ የሚባለው ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ መስሎ ሲያብለጨልጭ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር ሰዷል፤ ቀለም ቀቢውም፣ ገዢውም፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያደንቀውም ሰው ሥራውን የሚመዝነው በዚሁ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሞተሩ እንዲነሣ፣ እንዲሄድና ከሁሉ በላይ በሚፈለግበት ቦታ እንዲቆም ማድረግ የአዳሹ ግዴታ ነው፤ የኖረበትን ዘመን ከላዩ ላይ ፍቆ ማጥፋት ግን ግዴታ ካለመሆኑም በላይ ጉዳት ነው።

ክርክሩ ስለ የትኞቹ ሞተሮች እንደሆነ ላስቀድም። ጎንደር በጣሊያን ወረራ ዘመን የአማራ ግዛት ተብሎ የተከለለው አካባቢ መቀመጫ ነበረች፤ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ይዞታውን ለቆ እጅ የሰጠውም በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ነው። የዚያ ጦር ሞተር ሳይክሎች ከነበሩት አንዱ ሞቶ ጉዚ «አልቼ» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የተመረተ፣ ወደ ፊት የተጋደመ አንድ ባለ 500 ሲሲ ሲሊንደር ያለው፣ ቮላኖው (የሞተሩን ዙር የሚያስተካክለው ከባድ መንኰራኩር) ከሞተሩ ውጪ በግልጽ የሚሽከረከር፣ ጉልበቱም ከ13 የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይበልጥ ማሽን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከነሙሉ አካሉ የሚያጋጥመው ሰው እጅግ ዕድለኛ ስለሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ቀለሙን አይንካ። አብዛኞቻችን የምናገኘው ግን ይህን ሳይሆን ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 ወይም ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ነው፤ የግብርና ባለሙያውን፣ የጤና ሠራተኛውንና የእርዳታ ድርጅት ተቆጣጣሪውን መኪና ወደማይገባበት ገጠር ያደረሱት እነዚህ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች ናቸው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ለማለት ከሚጠይቃቸው መመዘኛዎች አንዱ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው መሆኑ ነው፤ ዛሬ ዶሮ የሚያርፍበት ዲቲ ይህን ዕድሜ ካለፈ ሰንብቷል ማለት ነው።

አሁን በተለምዶ የሚደረገውን እንመልከት። ሞተሩ በተገኘ በሳምንቱ አካሉ ሁሉ በመፍጫ ይፋቃል፣ ጎድጓዳው በስቱኮ፣ ማለትም ቀለም ቀቢዎች በሚለስኑት ሊጥ፣ ይሞላል፣ ከዚያም ፋብሪካው ቀብቶት በማያውቀው ደማቅ ቀለም ይነከራል። ከዚህ በኋላ የነዳጅ ታንኩ ላይ በእጅ የተጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የነጂው ጉልበት ለዓመታት ሲያሻሽ ያሳሳው ቀለም፣ የአካባቢው በያጅ ለዘር ጆንያ ብሎ የገጠመው ጠንካራ የኋላ መጫኛ ሁሉም አይኖርም። እነዚህ ቆሻሻ አይደሉም። ያ ማሽን ጃፓን ከሚገኝ ወንድሙ የሚለየው በእነርሱ ብቻ ነውና፣ ሲጠፉ የሚቀረን የትም አገር በገንዘብ ሊገዛ የሚችል ሞተር ነው።

ጉዳቱ በስሜት ብቻ የሚቀርም አይደለም። ሲያሰለቹ የኖሩ የሊብሬ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከመፍጫው ነው። የሻንሲ ቁጥር በመሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥር በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸ ሲሆን፣ ሁለቱም ጥልቀት የላቸውም፤ አንድ ጊዜ በመፍጫ ከተዳመጡ ወይም በወፍራም ቀለም ከተሸፈኑ በኋላ ባለቤቱ ሞተሩ የእርሱ ስለመሆኑ የሚያሳየው ነገር ያጣል። የተሽከርካሪ ምዝገባ የቆመው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የማይነበብ ሞተር ይዞ ለቦሎ የሚቀርብ ሰው በጥርጣሬ ቢታይ መርማሪው አይወቀስም። እንግዲህ ከማንኛውም ብሎን በፊት የሚቀድመው ሥራ ቁጥሮቹን በጨርቅና በናፍጣ አጽድቶ ፎቶ ማንሣት፣ ከሊብሬው ጋር ማመሳከርና ሥፍራቸውን በፕላስተር ሸፍኖ መጠበቅ ነው።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን ሲጠገን ሲሚንቶና ኮንክሪት ገብቶበት ነበር። ሲሚንቶ ያስገባው ሰው ግንቡን የጠላ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚያጠነክረው መስሎት ነበር። ነገር ግን ሲሚንቶ በኖራ ከተገነባው ግንብ ይልቅ ስለሚጠጥርና እርጥበት እንደ ልብ ስለማያሳልፍ አሮጌውን ድንጋይ ይጎዳል፤ ስለዚህ በኋላ የመጡት ጠጋኞች የቀደመውን ጥገና አፍርሰው በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። በዛገ ብረት ላይ የሚለሰነው ስቱኮም እንዲሁ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱም ከሥሩ ሳይታይ ይቀጥላል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ የሚያብለጨልጨው ቀለም አብጦ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ከቀድሞው ይልቅ ሳስቶ ይገኛል።

ይህ የእኔ የግል ፈሊጥ ብቻም አይደለም። ከላይ የጠቀስሁት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ ለሕንፃና ለሐውልት ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የቬኒስ ቻርተር መንፈስ ወስዶ፣ ካለው ላይ የሚቻለውን ያህል ማቆየት እንደሚቀድምና የሚጨመረው ነገር ተለይቶ የሚታወቅ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ቻርተሩ በአገራችን የሚያስገድደው ሰው የለም። እኔም የጠቀስሁት ለሕግነቱ ሳይሆን ሌሎች አገሮች ብዙ ጥሩ ማሽን ካበላሹ በኋላ የደረሱበትን ሐሳብ እኛ ጥቂቱን ሳናበላሽ ልንወስደው እንችላለን ለማለት ነው።

ሞተር ሳይክል መሣሪያ ነው፣ ቤተ መዘክር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እኔም የምለው ሥራው ከቆዳው ይልቅ ከሆዱ ይጀመር ነው። ቀለም ላይ የሚፈሰው ገንዘብና ጉልበት ወደ ሞተሩ ቢዞር ብዙ ነገር ይለወጣል። ለብዙ ዓመታት የቆመ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማለትም እንደ ዲቲና ኤጂ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚነድበት፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቢገኝ በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ካንዴላው ተፈትቶ የናፍጣና የዘይት ድብልቅ ገብቶበት ቀናት ቢያድር ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሲሊንደሩን ወደ ቶርኖ ቤት ከመውሰድ በፊት መለካት ያስፈልጋል፤ ለተጠረበ ሲሊንደር የሚገጠመው ትልቅ ፒስተን በ0.25 ሚሊ ሜትር እርከን ስለሚያድግ፣ ያለ ልኬት በግምት የተጠረበ ሲሊንደር የነበረውን ዕድሜ በከንቱ ያጣል። ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አዲስ ሆኖ፣ በክራንኩ ዳርና ዳር አየር እንዳይገባ የሚዘጉት ላስቲኮች ግን አሮጌ ከሆኑ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በደረቀው ላስቲክ በኩል ትርፍ አየር ይገባል፣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ግሎ ይይዛል። ዋጋቸው አነስተኛ ስለሆነና ከውጭ ስለማይታዩ እነዚህ ላስቲኮች በቸልታ የሚታለፉ ናቸው፤ የተቃጠለ ፒስተን ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እነርሱን ነው።

ከፍታችንም የራሱ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይታፈናል። መፍትሔው ጂግለር የሚባለውን ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን በጠባብ መተካት ነው። አደጋው ደግሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ለጎንደር የጠበበው ጂግለር ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ሲወርድ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ባለው ጥቅጥቅ አየር ነዳጁ ያንሰዋል፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ነዳጅ ሲያንሰው ዘይቱም አብሮ ሊያንሰው ስለሚችል በሙቀት ይያዛል። ስለዚህ የፋብሪካው ጂግለር አይጣልም። ቆላ የሚወርድ ሰው ከመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ይዞት ይሂድ። ያማሃ ቤንዚንና ዘይትን ለየብቻ የሚያቀርበውን የዘይት ፓምፕ በተመለከተም ምክሬ ይኸው ነው፤ አርጅቶ የማይታመን ከሆነ ነቅሎ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በልክ መቀላቀል ጥፋት የለውም፤ ነገር ግን ፓምፑ ተጠርጎ ይቀመጥ፣ የነበረበት ቀዳዳም አይበየድ፣ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ሊመልሰው ይችላልና።

አሮጌ ነገር ይቆይ ስል ግን ለሕይወት የሚያሰጋውን አልጨምርም። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሰንሰለት፣ የመሪ ኩሽኔታ ሁሉ አዲስ ይሁኑ፤ በነዚህ ላይ ታሪክ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ከነታሪኩ ገደል ይገባል። ስለ አሮጌ ፍሬን ሸራ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል የፍሬኑን ታምቡር በኮምፕረሰር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁም መጣል አለበት። በየጋራዡ ልጆች በዚያ ብናኝ መካከል ሲሠሩ ማየት ያሳዝናል።

ቀለሙን ካልነካን ዝገቱን ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ውድ አይደለም። የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለውን ዝገት አቼቶ ሞልቶ በማሳደር ማላቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቦ ወዲያው ማድረቅና ጥቂት ዘይት ማዞር ያስፈልጋል፣ አለዚያ በማግሥቱ እንደገና ይዝጋል። ከውጭ ያለውን ደግሞ ለስለስ ባለ የብረት ሱፍና በዘይት አሽቶ የላላውን ብቻ ማንሣት፣ ከዚያም እጅግ የሳሳ የተልባ ዘይት መቀባት በቂ ነው፤ የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ደርቆ ስስ ሽፋን ስለሚሆን የቀረውን ቀለምም ያደምቀዋል። የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል፣ ስለዚህ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ገዢው የሚያብለጨልጨውን ስለሚመርጥ የሚሸጥ ሰው ይቸገራል የሚለው ክርክር ለጊዜው እውነት ነው፤ መልሱም ገዢውን ማስተማር ነው እንጂ ማሽኑን መሠዋት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ስናስብ አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ውሳኔው ስለ አውቶሞቢል ቢሆንም የቤንዚን ማሽን እየተመናመነ የሚሄድበት ዘመን ላይ ነን፤ ሳይነካካ የቆየ ማሽንም ዋጋው የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው።

ከግለሰብ አዳሾች ይልቅ ብዙውን ነገር በእጃቸው የያዙት ግን መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በየጓሮው ተደራርበው ዝናብ የሚመታቸው ሞተሮች አንድ ቀን በኪሎ ተመዝነው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ይሸጣሉ፤ ከዚያ በፊት ካርቡራቶራቸውና ማግኔታቸው ተፈትቶ ሄዷል፣ ሊብሬያቸውም ከየትኛው ፋይል እንደገባ የሚያውቅ የለም። የንብረት ክፍል ኃላፊዎችን የምጠይቀው አዲስ በጀት የማይፈልግ ነገር ነው። ሞተሮቹ ሳይፈቱ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ከነሊብሬያቸው በጨረታ ይውጡ፤ ሊብሬው የጠፋባቸውም የሻንሲና የሞተር ቁጥራቸው የተጻፈበት የሽያጭ ደብዳቤ ይሰጣቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ከእነዚህ ጥቂቶቹን ለማሠልጠኛ ቢወስዱ፣ ተማሪው የሚማርበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሥዕል ይልቅ በእጁ ይሆናል፤ ያለ ኮምፒውተር የሚፈታና የሚገጠም ማሽን ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ዛሬም አልቀነሰም።