ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለቃል ገቢዎቻችን!

«ቲያትር ሞቷል» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በወረዳ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ታድመው አያውቁም ማለት ነው። ጥሩ ትወና ማየት የፈለገ ሰው ብሔራዊ ድረስ ሄዶ ትኬት መቁረጥ የለበትም። የሰፈሩ አማተር ክበብ መጋረጃና መብራት ሊገዛ «የጥያቄና መልስ ምሽት» ያዘጋጀ ዕለት ጎራ ይበል፤ ግን መድረኩን ሳይሆን የፊት ወንበሮቹን ይመልከት።

ጅማሬው ያምራል። መምህራኑ አንድ ጠረጴዛ፣ የባንክ ሠራተኞቹ አንድ ጠረጴዛ፣ የዕድር ኮሚቴው አንድ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። ሀገር ፍቅር ቲያትር መቼ ተመሠረተ? አንዱ 1927 ይላል፣ ሌላው 1935 ብሎ ይጮኻል። ጠብ ሊነሳ ሲል ዳኛው አንደኛው በእኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስረድቶ ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣል። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት የቆመውን አንበሳ ማን ቀረጸው? እዚህ ላይ አዳራሹ ጸጥ። «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ሳይባባል ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ግን ለማንም አልመጣለትም። ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር የከፈተውን ብልጥ እንኳ ኔትወርኩ እምቢ ብሎታል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ጽፈውት፣ አውሬዎችን እያናገረ ሹማምንቱን ስለሸነቆጠ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደው ተውኔትስ? «ፋቡላ!» ይላሉ መምህራኑ በአንድ ድምፅ። ትክክል። እዚህ ላይ ዘመናችን ሊመሰገን ይገባል። ያኔ ቲያትር ይታገድ ነበር፤ ዛሬ ቃል ይገባለታል። ልዩነቱ እገዳው ወዲያው ተፈጻሚ መሆኑ ብቻ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሊነበብ ሲል የክብር እንግዳው ይገባሉ። ሁሉም ይነሳል፣ ጥያቄው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ የለም። ዋናው ትርኢት ይጀመራላ!

«እኔ በግሌ...» ይላል ባለሀብቱ ማይኩን ተቀብሎ። ከዚያ ዝም። ይህችን ዝምታ ለማምጣት የክበቡ ልጆች ስንት ልምምድ ያደርጋሉ! ጣራውን ያያል፤ ባለቤቱን ያያል፤ ካሜራው ወደሱ መዞሩን ያረጋግጣል። «...መቶ ሺህ ብር!» አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። የመድረክ መሪው ሥራውን የሚያውቅ ነውና «ድምፁ ከኋላ አልተሰማም፣ አንዴ ይድገሙልን!» ይላል። ሲደገም መቶ ሺው መቶ ሃምሳ ሺህ ይሆናል። ምን ያስገርማል? ከማይወጣ ገንዘብ ላይ ቢጨምሩ የሚጎድል ነገር የለም።

ጎረቤቱ ባለ ሆቴል ይህን ሰምቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ሁለት መቶ ሺህ ይላል። አንዱ ደግሞ በራሱ ስም የሚገባው ቃል አልበቃ ብሎት እዚያ በሌሉት ጓደኞቹ ስም ይጨምራል፤ ምስኪኖቹ ቤታቸው ተኝተው ባለዕዳ ይሆናሉ። ከአሜሪካ በቪዲዮ የገባው የሰፈሩ ልጅም አለ፤ ስልኩ ማይክ ላይ ተደግፎለት በዶላር ቃል ሲገባ የክበቡ ሊቀመንበር ምንዛሬውን በልቡ ያሰላል። ሁሉም እንደየማዕረጉ «ለላቀ አስተዋፅኦ» የሚል ባለ ፍሬም ሰርተፍኬት ይሸለማል። በዚያ ምሽት በጥሬው የተከፈለለት ነገር ቢኖር ይኸው ፍሬም ነው።

ሥርዓት የሚያፈርስ ግን አይጠፋም። በአንዱ ምሽት ደጃፉ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትዮ ሰተት ብላ ገብታ፣ ከመቀነቷ ሁለት መቶ ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጸሐፊው ብሩን አገላብጦ አየው። ቅጹ «ስም፣ ድርጅት፣ ቃል የተገባው መጠን፣ ፊርማ» ይላል እንጂ «የተከፈለ» የሚል ዓምድ የለውም። ካርኒ የያዘም አልነበረም። የመድረክ መሪው ምሽቱ እንዳይበላሽ ቶሎ ብሎ ሙዚቃ አስከፈተ። ከነጋ በኋላ ኮሚቴው ሒሳብ ሲዘጋ ከአዳራሹ የተሰበሰበው ገቢ ስንት ሆነ? ሁለት መቶ ብር።

ቃል ገቢዎቻችን ይክዳሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ ስማቸውን አላጠፋም። ገንዘብ ያዧ ልጅ ስትደውል «ቃሌ ቃል ነው!» ይሏታል፤ ይቆጧታልም። ሰኔ ላይ የሒሳብ መዝጊያ ነው። ሐምሌ ላይ በጀቱ አልተለቀቀም። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ በጾም ማን ስለ ገንዘብ ያወራል? መስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጥቅምት ላይ «ማህተም ያለው ደብዳቤ አስገቡ» ይባላል፤ ክበቡም ማህተም ስለሌለው ተበድሮ ያስቀርጻል። አንደኛው ጭራሽ «ነገ በዘጠኝ ሰዓት አንበሳው ጋ ጠብቂኝ» አላት። ሄዳ ጠበቀች። በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ድንጋይ የነበረው አንበሳው ብቻ ነበር፤ ሲመሽ ግን ሁለት ሆነው ነበር።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! የእኛዎቹ ይህን አሻሽለውታል። የተናገሩት አልጠፋም፤ ይኸው በቪዲዮ አለ፣ ሰው ሁሉ ተቀባብሎታል። የወለዱትም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። ስለ ብሩ ተረቱ ምንም አላለም።

ልጆቹ እስካሁን አንሶላ ሰቅለው ነው የሚለማመዱት። የሚያሳዝኑኝ ግን በአንሶላው አይደለም። አንድ ሰው ሳይከፍል የከፋይን ገጸ ባሕርይ እንዲያ አሳምኖ ሲጫወት እያዩ፣ ትወና ሊያስተምሩን መነሳታቸው ነው። የኔ ቢሆን የዘንድሮውን ተውኔት ትቼ ባለሀብቱን ከነዝምታው መድረክ ላይ አወጣው ነበር። ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ እስከተሸጠ ድረስ።

ኮሚቴው ግን ሌላ ዘዴ አግኝቷል። የአዳራሹ፣ የባነሩና የድምፅ ማጉያው ዕዳ ስላልተከፈለ፣ በቅርቡ «ቃል ለገቡልን ወገኖች የምስጋና ምሽት» ይዘጋጃል። የክብር እንግዳው ለመገኘት ቃል ገብተዋል። ባለሀብቱም ያለፈውን እጥፍ አደርገዋለሁ ብለዋል። ጥያቄና መልሱ ለጊዜው ቀርቷል፤ ጥያቄ ማብዛት እንግዶችን ያስቀይማል ተብሎ። የፊት ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ቦርሳ መያዝ ግዴታ አይደለም።