ከፍ ይበል ፒክአፑ!

ሰሞኑን ማታ ማታ በድሬዳዋ፣ በከዚራ የሚያልፍ ሁሉ ብርሃን ወርዶለታል። ከፍ የተደረገው ፒክአፕ መብራቱ አስፋልቱን ንቆ የባጃጅ ነጂውን ዓይን ያበራል። አቦ፣ እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል!

ሥራው ራሱ ጥበብ ነው። ከፊት ሞላ አናት ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብረት ይገባል፤ ጎማው ጋ ሲደርስ 5 ግድም ይሆናል። ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል ብሎክ ይወተፍና በረጃጅም ቡሎን ይታሰራል። 10 ካላደረስኩ ያለውማ ይበልጥ ይመስገን፤ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ሲቪው፣ ተንጋዶ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ግራሶው ይረጫል፣ ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል። ጋራዡስ ይብላ እንጂ!

የሚደንቀው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ንቅንቅ አለማለቱ ነው። እሱ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ ትልቅ ጎማ ካልገባ የደቻቱ ወንዝ ድንጋይ እንደ ድሮው ይነካዋል። ከፍ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው።

ወደ ቁልቢ የሚሳፈሩት እማማ ደግሞ ክብራቸው ሌላ ነው። መጀመሪያ የለስላሳ ሳጥን ይፈለጋል። ይደፋል። አንዱ ከታች ይደግፋል፣ ሌላው ከውስጥ ይስባል፤ «ወሪያ፣ ቀስ!» ይላሉ። ነጠላቸው በሩ ላይ ይቀራል። ነጠላው ሲገባ የስለቱ ጃንጥላ መሬት ላይ ነው። ጃንጥላው ሲገባ ሳጥኑ ይረሳል። ቁልቢ ሲደርሱ ሳጥን የለም! ገብርኤል ካላወረዳቸው ስለታቸውን በመስኮት ሊያቀብሉ ነው።

ሲመለሱ ደንገጎን ቁልቁል ነው፤ እዚያ ላይ አያስቅም። ብዙ ፒክአፕ በጭነቱ ልክ የኋላ ፍሬን የሚያመጣጥን ቫልቭ አለው፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ። ሻንሲው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ እየመሰለው የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ሰው ተጭኖ፣ በጎደለ ፍሬን! ዘንጉን ማስተካከል፣ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩን ማየት፣ የመብራቱን ብሎን በካቻቢቴ ዝቅ ማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ትቶ መሪ የሚጨብጥ ሰው ነውረኛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ለነገሩ ወጪው በዝቶበት ይሆናል። ፒክአፑ አልገባ ብሎት የግቢውን በር አናት የሚያስፈርስም አለ፤ ለግንበኛው እስኪከፍል ፍሬኑ ለሚመጣው ወር ተላልፏል።