መርከቧን ተዉት፣ ጎረቤቱን ፈልጉ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የተሻገረ ቅድመ አያት ያላቸው ሰዎች የዘር ፍለጋቸውን ብዙውን ጊዜ ከመርከብ ይጀምራሉ። ስሟንና የተነሣችበትን ቀን ያገኙ ዕለት ግማሹን መንገድ የጨረሱ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስለ ቤተሰብ ከመርከብ መዝገብ ያነሰ የሚናገር ወረቀት የለም ባይ ነኝ።

ከእንግሊዝ ወደቦች የወጡ መንገደኞች ዝርዝር በአብዛኛው ተጠብቆ የቆየው ከ1890 ወዲህ ያለው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ገቢውን ከ1820 ጀምሮ ብትመዘግብም የትውልድ መንደሩን አልጠየቀችም። ጆን ስሚዝ፣ 24 ዓመት፣ የቀን ሠራተኛ፣ እንግሊዛዊ። የትኛው ጆን ስሚዝ? እዚህ ላይ የደከመው ፈላጊ ከጥምቀት መዝገብ ዕድሜው የገጠመለትን የራሱ ያደርጋል፤ ሌላውም ይገለብጠዋል። አሥር የዘር ሐረግ ላይ የሰፈረ አንድ ስሕተት አሥር ምስክር ያለው ይመስላል።

የ1851 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን አጥቢያና ከቤቱ አባወራ ጋር ያለውን ዝምድና መዝግቧል። አስቀድሞ የተሰደደው እዚያ የለም፤ የቀሩት እናቱና እኅቱ ግን አሉ። የሚፈለጉትም እነርሱ ናቸው።

ከ1832 እስከ 1837 ድረስ በደቡብ እንግሊዝ ካለችው ሰሴክስ፣ ከፔትወርዝ ከተማና ከአካባቢው 1,800 ያህል ሰዎች ወደ ዛሬዋ የካናዳ ኦንታሪዮ ተጉዘዋል። ደጋፊያቸው ባለርስቱ የኤግሪሞንት ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ አደራጃቸው ቄሱ ቶማስ ሶኬት ነበሩ። ሶኬት ስደተኞቹ ወደ አገራቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች አሳትመዋል። ዓላማቸው ሌላውን ማበረታታት ስለነበር ምሬቱ ተቀንሶ ይሆን ብሎ መጠርጠር ደግ ነው። ሰላምታውን ግን ማን ይቀንሰዋል? ለወንድሜ፣ ለአማቼ፣ ለእገሌ ጎረቤቴ እያለ የሚዘረዝር ደብዳቤ ከየትኛውም የመንገደኛ ዝርዝር ይበልጥብኛል። አብረው የወጡ ጎረቤታሞች በአዲሱ አገርም አንዱ ለሌላው ሠርግ ምስክር ሆነው ይገኛሉ።

በጣም የሚያስገርመኝ የአውስትራሊያዋ ግዛት ቪክቶሪያ ናት። ከ1853 ጀምሮ የምትሰጠው የሞት የምስክር ወረቀት የሟቹን ወላጆች፣ የትውልድ ቦታውን፣ ያገባበትን ስፍራና ልጆቹን ይጠይቃል፤ እናቲቱ ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ሳይቀር። እንግሊዛዊት እንደ እኛ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ስለማትዘልቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጊዜው የእንግሊዝ የሞት ወረቀት ስለ አንድ ጎልማሳ ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም። ሰውየው በመንደሩ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ እናቱን ባላነሣት ነበር!

ለሞት ወረቀቱ ቃሉን የሚሰጠው ግን እንግሊዝን አይቶ የማያውቅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የአያቱን ስም የሰማው ከአባቱ አፍ ነው። ስለዚህ የሟቹ ወንድም እዚያው ቪክቶሪያ ሞቶ ከሆነ የእርሱንም ወረቀት ማውጣት ይገባል። ሁለቱ ወረቀቶች እናቲቱን በአንድ ስም ከጠሯት፣ ያን ጊዜ ወደ እንግሊዙ ጥምቀት መዝገብ መመለስ ይቻላል።