ኢያጎን አፉን ዘግታችሁ ምኑን ኦቴሎ ታሳዩናላችሁ?

እዚህ ድሬ ልጆቹ ስንት ጊዜ ሲያጠኑት የከረሙትን የሼክስፒር ቴአትር ኦቴሎን ገምጋሚ ተብለው የመጡት ሰዎች አንዴ አዩትና "ኢያጎ ብቻውን ቆሞ የሚለፈልፈው ይውጣ፣ ታሪኩን አይገፋም፣ የድሬ ተመልካች ይሰለቻል" ብለው አረፉት።

አይገፋም? አቦ ሌላ ምን ሊገፋው ነው! ኦቴሎን በሚስቱ የሚያስቀናው የኢያጎ ሴራ ዓይናችን ስር የሚጠነሰሰው እኮ እዛ መነባንብ ላይ ነው። ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል ይባላል፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እንደ እውነት እይዘዋለሁ ብሎ ኢያጎ የሚናገረው ለኛ ለተመልካቾቹ ብቻ ነው። ራሱ ኢያጎም ያለማስረጃ በቅናት የነደደ ሰው ነው ማለት ነው፣ እሱን አውጥታችሁ ስለ ቅናት ምን ልትነግሩን ነው? ሼክስፒር ታሪኩን ባገኘበት በ1565ቱ የጣልያን ትረካ ክፉው ሰውዬ የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን ወዶ ልብ ስላላለችው ነው የሚያጠፋት፣ በቃ ግልፅ ነው። ሼክስፒር ግን ያንን ትቶ ምክንያት የሚቀያይር ሰው ሰጠን፣ መቀያየሩን ደሞ የምንሰማው ብቻውን ሲሆን ነው።

ጥናት ላይ ነበርኩ። የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ የወደቀውን የዴዝዴሞና መሀረብ አንስታ ለባሏ ልትሰጥ ስትል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ ብለው "አንቺ ልጅ ተይ! አትስጪው!" አሉ፣ ቡና ልታፈላ የመጣችው ልጅ ሳትቀር ደንግጣ ዞረች። ለምን? ኢያጎ ቀደም ብሎ ተንኮሉን ነግሯቸዋላ! መድረክ ላይ ሁሉም "ሀቀኛው ኢያጎ" ሲለው እኛ ብቻ እያወቅን የምንቃጠለው ለዛ ነው። መሀረቡን ተቀብሎ ብቻውን ሲቀር ደሞ፣ ለቀናተኛ ሰው እንደ አየር የቀለለ ነገር እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ቃል ማስረጃ ይሆነዋል ይላል። የቴአትሩ ፍሬ እሱ ነው፣ እነሱ ግን እሱንም በቀይ እስክርቢቶ ሰርዘውታል።

ይሰለቻል የተባለውስ የድሬ ሰው ነው? ሎሬት ጸጋዬ ወደ አማርኛ የመለሰው ስራ እኮ ነው። መጋላም ሂዱ ከዚራ፣ "ይሄ ነገር ደስ አላለኝም" ብሎ ምን ሲሉት "ምንም፣ ተወው" የሚል ነገረ ሰሪ የማያውቅ ሰው የለም፣ ኢያጎም ኦቴሎን የሚጥለው በዚችው ነው። መጨረሻ ላይ "ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም" ሲል የሚያስፈራን ሲያወራን ስላመሸ ነው፣ ከመጀመሪያው ዝም ያሰኛችሁት ሰው ዝም ቢል ማን ልብ ይለዋል?

ርዝመቱ ከሆነ ያስጨነቃችሁ እሺ፣ ያ ቀልደኛ አሽከር ሁለት ቦታ ይገባል፣ እሱን አውጡት፣ ማንም አይጠይቃችሁም።